የማክቡክ ባትሪ መተካት

የማክቡክ ባትሪ መተካት አፕል ኩባንያ በሚያመርታቸው ላፕቶፖች (ማክቡክ፣ ማክቡክ ኤር እና ማክቡክ ፕሮ) ውስጥ ያረጀውን የሊቲየም አዮን ባትሪ አውጥቶ በአዲስ የመለወጥ ሥራ ነው። እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ ባለቤቱ ራሱ በአንድ ደቂቃ የሚጨርሰው ሥራ ነበር። ከዚያ በኋላ ባትሪው መጀመሪያ በብሎን፣ ቀጥሎም በሙጫ ከላፕቶፑ አካል ጋር ስለተያያዘ ወደ ጥገና ባለሙያ የሚያስኬድ ሆኗል። ዋጋውን ከፍ ያደረገው የባትሪው ሴል ብቻ አይደለም፤ ሴሉ ከምን ጋር እንደተጣበቀና ከእርሱ ጋር ምን ምን አብሮ መለወጥ እንዳለበት ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ባትሪው የሚያረጅበት ምክንያት

የሊቲየም አዮን ባትሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው በ1991 በሶኒ ኩባንያ ነው። ባትሪው ሲሞላና ሲለቀቅ የሊቲየም አዮኖች በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል ይመላለሳሉ። በየምልልሱ ጥቂት ሊቲየም በኤሌክትሮዱ ገጽ ላይ በሚፈጠር ስስ ንብርብር ተይዞ ይቀራል፤ ወደ ሥራም አይመለስም። በዚህ ምክንያት የባትሪው አቅም፣ ማንም ምንም ቢጠነቀቅለት፣ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል። ባትሪ እንደ መኪና ጎማ አላቂ ዕቃ ነው። በዋና ዋናዎቹ የላፕቶፕ አካላት መካከል ማለቁ አስቀድሞ የታወቀው እርሱ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በብዙ ውድ ላፕቶፖች ለማውጣት በጣም ከሚያስቸግሩት አንዱ መሆኑ ነው የክርክሩ ሁሉ መነሻ።

የባትሪ ዕድሜ በዑደት ይቆጠራል። አንድ ዑደት ማለት የባትሪውን ሙሉ አቅም አንድ ጊዜ መጠቀም ነው፤ ዛሬ 60 በመቶ፣ ነገ 40 በመቶ ቢጠቀሙ ሁለቱ ተደምረው አንድ ዑደት ይሆናሉ። አፕል ለዘመናዊ ማክቡኮች ያስቀመጠው ገደብ 1,000 ዑደት ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ባትሪው ከመጀመሪያ አቅሙ 80 በመቶውን እንዲይዝ ተደርጎ የተነደፈ ነው። በየቀኑ አንድ ዑደት ለሚጠቀም ሰው ይህ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ገደማ ነው። በሁለት ቀን አንድ ዑደት ለሚጠቀም ደግሞ አምስት ዓመት ተኩል ያህል ይሆናል።

ከዑደት ሌላ ሙቀትና ሁልጊዜ እስከ አፉ ሞልቶ መቆየትም ባትሪን ያስረጃሉ። አፕል ላፕቶፖቹ ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው የአየር ሙቀት ውስጥ እንዲሠሩ ይመክራል። በ2020 በወጣው የማክኦኤስ ካታሊና ማሻሻያ ደግሞ የባትሪውን ሙቀትና የአሞላል ልማድ ተከትሎ ከፍተኛውን የመሙያ መጠን ዝቅ የሚያደርግ ዘዴ ተጨምሯል። ይህ ማርጀቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ከሳንቲም እስከ ሙጫ

በ2006 የወጣው የመጀመሪያው ማክቡክ ባትሪ በላፕቶፑ ሆድ ላይ የሚገጠም ጠንካራ ሽፋን ያለው ጡብ መሰል ዕቃ ነበር። መቆለፊያው በሳንቲም ይዞራል፤ ባትሪው ይወጣል፤ አዲሱ ይገባል። መንገድ የሚያበዛ ሰው ሁለተኛ ባትሪ በቦርሳው ይዞ ይሄድ ነበር።

ለውጡ የጀመረው በጃንዋሪ 2008 በማክቡክ ኤር ነው። ስቲቭ ጆብስ ከፖስታ ውስጥ አውጥቶ ባሳየው በዚህ ስስ ላፕቶፕ ላይ ባትሪው በውስጥ ተዘግቶበት ነበር። ሆኖም የታችኛውን ክዳን ብሎኖች ፈትቶ የሚከፍት ሰው ባትሪውን በብሎን ታስሮ ያገኘዋል፤ ሙጫ አልነበረም። አፕል ለመተካት የጠየቀው 129 ዶላር ነበር። በጃንዋሪ 2009 ባለ 17 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ ተከተለ። ኩባንያው የባትሪው መዘጋት ለተጠቃሚው የሚጠቅም መሆኑን ያስረዳው በዚህ ጊዜ ነው። ተነቃይ ባትሪ የራሱ ጠንካራ ሽፋን፣ መቆለፊያና የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ስፍራ ይፈልጋል፤ እነዚህ ሲቀሩ ስፍራው ለሴሉ ይውላል። በተጨማሪም ባትሪው ቀድሞ ከተለመደው 300 ዑደት ይልቅ 1,000 ዑደት እንደሚቆይ ተነገረ። የመተኪያው ዋጋ 179 ዶላር ሆነ። በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ የ13 እና የ15 ኢንቾቹም ሞዴሎች በዚሁ መንገድ ተሠሩ።

የአፕል ማስረጃ ሐሰት አልነበረም። ባትሪው በእርግጥ ተልቋል፤ ዕድሜውም ረዝሟል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የተገኘው በብሎን በታሰረ ባትሪ ስለነበር፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጣው ሙጫ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

የ2012ቱ ሬቲና ሞዴል

በጁን 2012 የወጣው ባለ 15 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ሬቲና በጥገና ታሪክ ውስጥ መለያ ነጥብ ነው። 95 ዋት ሰዓት የሚይዘው ባትሪ ስድስት ሴሎች ነበሩት። ሴሎቹ ጠንካራ ሽፋን ሳይኖራቸው በቀጥታ ኪቦርዱ ባለበት የአሉሚኒየም አካል ላይ ተጣብቀዋል። የትራክፓዱ ገመድ በባትሪው ሥር ስለሚያልፍ ሴሎቹን በጉልበት የሚፈነቅል ሰው ገመዱንም ሊቆርጠው ይችላል። ራሙ በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነበር። የታችኛው ክዳን ብሎኖችም ባለ አምስት ቅጠል ቅርጽ ስላላቸው በተራ ካቻቢቴ አይፈቱም።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የሚገኘውና በ2003 የተመሠረተው አይፊክስኢት ላፕቶፑን ፈትቶ ከ10 ነጥብ 1 ሰጠው፤ እስከዚያ ድረስ ከፈታቸው ላፕቶፖች ሁሉ ለጥገና እጅግ የማይመቸው ነው አለ። በዚያው ሰሞን አፕል 39 ምርቶቹን ኢፒት ከተባለው የኤሌክትሮኒክስ የአካባቢ ጥበቃ መመዘኛ አስወጣ። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ መሥሪያ ቤቶች ከእንግዲህ ማክ እንደማይገዙ አስታወቁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በጁላይ 13፣ በወቅቱ የአፕል የሃርድዌር ምህንድስና ኃላፊ የነበሩት ቦብ ማንስፊልድ መውጣቱ ስሕተት እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ አወጡና ምርቶቹ ተመለሱ። አስገራሚው ነገር የሬቲናው ሞዴል ራሱ ኋላ ላይ በመመዘኛው የወርቅ ደረጃ ማግኘቱ ነው።

ይህ አሠራር ከጥቂት ማሻሻያ ጋር ለዓመታት ቀጠለ። የመጀመሪያው መላላት የታየው በ2018 መጨረሻ በወጣው ማክቡክ ኤር ነው፤ ባትሪው ሲስቡት ተለጥጦ በሚላቀቅ የማጣበቂያ ጥብጣብ ተያዘ፤ ለብቻውም መለወጥ ቻለ። በኦክቶበር 2021 የወጡት የ14 እና የ16 ኢንች ማክቡክ ፕሮዎችም እንዲሁ የሚጎተት ጥብጣብ አላቸው። ሙጫው አልጠፋም፤ መውጫ ግን ተበጀለት።

የመተካት ዋጋ

የሬቲናው ሞዴል ሲወጣ አፕል ለባትሪ መተካት 199 ዶላር ያስከፍል ነበር። ይህ ዋጋ ለማክቡክ ፕሮ እስከ ፌብሩዋሪ 2023 ድረስ ቆየ፤ ለማክቡክ ኤር 129 ዶላር ነበር። ከማርች 1 ቀን 2023 ጀምሮ በአሜሪካ የፕሮው ወደ 249፣ የኤሩ ወደ 159 ዶላር ከፍ ብሏል። ይህ ዋስትናው ላለቀ ላፕቶፕ ሲሆን ታክስን አይጨምርም። አፕልኬር ፕላስ የተባለውን ተጨማሪ ዋስትና የገዛ ሰው ባትሪው ከ80 በመቶ በታች ከወረደ በነፃ ይተካለታል።

ዋጋውን ለመመዘን በኖቬምበር 2020 በ999 ዶላር የወጣውን ማክቡክ ኤር ኤም1 መውሰድ ይቻላል። 159 ዶላር የአዲሱ ዋጋ 16 በመቶ ገደማ ነው። ላፕቶፑ አዲስ ሳለ ይህ ብዙ አይመስልም። ባትሪ የሚያልቀው ግን ላፕቶፑ አርጅቶ የገበያ ዋጋው ከወረደ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ያው ገንዘብ ከዕቃው ዋጋ ትልቅ ድርሻ ይሆናል። ሥራውን በሚገባ የሚሠራ ማሽን በአንድ አላቂ ዕቃ ምክንያት የሚጣለው በዚህ ስሌት ነው።

ባትሪው በሙጫ በተያዘባቸው ሞዴሎች የአፕል ባለሙያዎች ሴሎቹን አይፈነቅሉም፤ ኪቦርዱን የያዘውን የላይኛውን አካል ከነባትሪው ይለውጣሉ። ስለዚህ ባትሪ ለማስለወጥ የሄደ ሰው አዲስ ኪቦርድም ይዞ ይመለሳል። ኪቦርዳቸው በቶሎ ይበላሽ በነበረው የ2016 እስከ 2019 ሞዴሎች ባለቤቶች ዘንድ ይህ እንደ ምርቃት ይታይ ነበር። በሌላ በኩል ግን ደህና የነበረ ኪቦርድና አሉሚኒየም ከባትሪው ጋር አብሮ ተነሥቷል ማለት ነው።

የዋጋው አወቃቀር በግልጽ የታየው በኦገስት 2022 ነው። አፕል የኤም1 ማክቡክ ባለቤቶች ራሳቸው እንዲጠግኑ መለዋወጫና መመሪያ መሸጥ ጀመረ። ለ14 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ ግን ባትሪው ለብቻው አልቀረበም፤ የሚሸጠው ባትሪውንና ኪቦርዱን የያዘው የላይኛው አካል ነበር። ዋጋው ከ500 ዶላር በላይ ሲሆን አሮጌው ሲላክ ጥቂቱ ይመለሳል። የመመሪያው ርዝመት 162 ገጽ ነበር። በዚያው ወቅት የአፕል የራሱ ሱቅ ያንኑ ሥራ በ199 ዶላር ይሠራ ስለነበር፣ በገዛ እጁ የሚጠግን ሰው ከእጥፍ በላይ ይከፍል ነበር።

የ2019ኙ ጥሪ

በጁን 2019 አፕል ከሴፕቴምበር 2015 እስከ ፌብሩዋሪ 2017 ድረስ በብዛት የተሸጡ ባለ 15 ኢንች የሬቲና ማክቡክ ፕሮዎች ባትሪ ከመጠን በላይ ሊግልና እሳት ሊያስነሣ እንደሚችል ገልጾ ባለቤቶች መጠቀም እንዲያቆሙ ጠየቀ። በአሜሪካ ብቻ 432,000 ያህል ላፕቶፖች ነበሩ። ለአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በተነገረው መሠረት 26 ላፕቶፖች ከመጠን በላይ ግለዋል፤ አምስት ሰዎች ቀላል ቃጠሎ ደርሶባቸዋል። በኦገስት ወር የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እነዚህ ላፕቶፖች ባትሪያቸው ሳይለወጥ በአውሮፕላን እንዳይጓዙ አየር መንገዶችን አሳሰበ።

መተካቱ በነፃ ነበር፤ ነገር ግን ባትሪው በሙጫ የተያዘ ስለሆነ ላፕቶፑን ወደ አገልግሎት ማዕከል መላክ ግድ ነበር፤ እስከ ሁለት ሳምንትም ይፈጅ ነበር። በ2006ቱ ማክቡክ ላይ ቢሆን ኖሮ አዲስ ባትሪ በፖስታ መላክ ይበቃ ነበር።

የአተካክ ሂደትና አደጋው

ባትሪን በግል ወይም በገለልተኛ ጠጋኝ ዘንድ መለወጥ ይቻላል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ከ25 በመቶ በታች እስኪወርድ ኃይሉ ይለቀቃል፤ የሞላ ሴል ሲበሳ የሚነሣው እሳት የበረታ ነውና። ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ከሁሉ አስቀድሞ ባትሪው ከማዘርቦርዱ ይነቀላል። ሙጫ ባላቸው ሞዴሎች ማሟሟያ በሴሎቹ ጠርዝ በጥቂት በጥቂቱ ይንጠባጠባል፤ ሙጫው ሲለሰልስ የላስቲክ ካርድ እየገፉ ያላቅቁታል። ብረት ፈጽሞ አይነካውም። ጥብጣብ ባላቸው ሞዴሎች ጥብጣቡ ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ተብሎ ይሳባል፤ ከተበጠሰ ወደ ማሟሟያው መመለስ ነው።

ያበጠ ባትሪ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ትራክፓዱ አልጫን ካለ፣ ክዳኑ አልገጥም ካለ ወይም ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ከተወዛወዘ ውስጡ ጋዝ ሠርቷል ማለት ነው። ወዲያው ከቻርጀር ይነቀላል፤ ይጠፋል፤ አይጫኑትም። ጋዙን ለማስወጣት መብሳት በአንዳንድ ቦታ እንደ መፍትሔ ሲወራ ይሰማል፤ ይህ እሳት መለኮስ ነው። የወጣ ባትሪም ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣልም።

ሌላው አደጋ የመተኪያው ጥራት ነው። በገበያ ላይ የሚገኙ ብዙ አስመስሎ የተሠሩ ባትሪዎች በላያቸው የተጻፈውን አቅም አይይዙም፤ የሙቀት መቆጣጠሪያቸውም ደካማ ሊሆን ይችላል። አፕል የመለዋወጫና የመመሪያ አቅርቦቱን ለገለልተኛ ጠጋኞች የከፈተው በ2019 ለአይፎን፣ በ2020 ደግሞ ለማክ ነው።

ከሌሎች ላፕቶፖች ጋር

ሙጫ የአፕል ብቻ አልነበረም። በ2017 የወጣው የማይክሮሶፍት ሰርፌስ ላፕቶፕ የላይኛውን ጨርቅ ሳይቀዱ የማይከፈት ስለነበር አይፊክስኢት ከ10 ነጥብ 0 ሰጥቶታል። ማይክሮሶፍት በ2019 በሦስተኛው ትውልድ አካሉን በብሎንና በማግኔት ስለያዘው ነጥቡ ወደ 5፣ በ2024ቱ ሰባተኛ ትውልድ ደግሞ ወደ 8 አድጓል። ሦስተኛው ትውልድ በዚህ ምክንያት አልወፈረም። ስስነት ሙጫን ግድ ይላል የሚለውን አባባል ከክርክር ይልቅ ይህ ሥራ በተሻለ መልሶታል።

የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 (2018) በውስጡ አንድ፣ በውጭ የሚነቀል ሌላ ባትሪ ስለነበረው ላፕቶፑን ሳያጠፉ የውጭውን መለወጥ ይቻል ነበር። እስከ ዛሬ በሁለተኛ እጅ ገበያ ከሚፈለግባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። የዴል ኤክስፒኤስ 13 ስስ ሆኖ ሳለ ባትሪውን በብሎን ይይዛል፤ ዴል የጥገና መመሪያዎቹንም ለሁሉም ክፍት አድርጎ ያወጣል። በኒራቭ ፓቴል የተመሠረተው ፍሬምወርክ በ2021 ባወጣው ላፕቶፕ ደግሞ የታችኛው ክዳን በአምስት ብሎኖች ብቻ ይፈታል፤ ካቻቢቴው ከላፕቶፑ ጋር ይመጣል፤ አይፊክስኢትም 10 ከ10 ሰጥቶታል።

ሕግ

ፈረንሳይ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ላፕቶፖች በሚሸጡበት ቦታ ከ10 የሚሰጥ የጥገና ነጥብ እንዲለጠፍባቸው አዛለች። ነጥቡ መመሪያ መኖሩን፣ የመፍታቱን ቅለት፣ የመለዋወጫ መገኘትንና ዋጋውን ያጠቃልላል። ነጥቡን የሚያሰላው ግን አምራቹ ራሱ ነው።

ከዚህ ጠንከር ያለው በጁላይ 2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የባትሪ ደንብ (ቁጥር 2023/1542) ነው። በእርሱ መሠረት ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ በኅብረቱ ገበያ በሚቀርቡ መሣሪያዎች ውስጥ ያለ ተንቀሳቃሽ ባትሪ፣ ከጥቂት የተለዩ ዓይነቶች በቀር፣ ተጠቃሚው ራሱ በገበያ በሚገኝ መሣሪያ ሊያወጣው የሚችል መሆን አለበት። ለማውጣት ሙቀት ወይም ማሟሟያ የሚጠይቅ አሠራር ይህን አያሟላም። መተኪያ ባትሪ ሞዴሉ ለመጨረሻ ጊዜ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት በተመጣጣኝ ዋጋ መገኘት አለበት፤ በሶፍትዌር መተካትን ማደናቀፍም ክልክል ነው። በአሜሪካ ኒው ዮርክ፣ ሚኒሶታ፣ ካሊፎርኒያና ኦሪገን አምራቾች መለዋወጫና መመሪያ እንዲያቀርቡ የሚያስገድዱ ሕጎች አውጥተዋል፤ እነዚህ ግን ባትሪው በምን መያያዝ እንዳለበት አይደነግጉም።

መለዋወጫና የአየር ጉዞ

አፕል በአፍሪካ የራሱ ሱቅ የለውም። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሱት 159 እና 249 ዶላር በኢትዮጵያ ላለ ባለቤት በቀጥታ የሚሠሩ ዋጋዎች አይደሉም። ባትሪው ራሱ ከውጭ መምጣት አለበት፤ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ እንደማንኛውም ዕቃ አይጫንም። ከኤፕሪል 1 ቀን 2016 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ለብቻው የታሸገ የሊቲየም አዮን ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን በካርጎ መላክ ተከልክሏል፤ በጭነት አውሮፕላን ሲላክም ከ30 በመቶ በላይ መሞላት የለበትም። ወደብ ለሌላት አገር ይህ የሚያስቸግር ገደብ ነው።

መንገደኛ ግን ለራሱ መጠቀሚያ የሚሆን ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣው ይዞ መግባት ይፈቀድለታል። እስከ 100 ዋት ሰዓት ላለው ፈቃድ አያስፈልግም፤ ከ100 እስከ 160 ላለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ግን ለሁሉም ክልክል ነው። የ16 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ ባትሪ 100 ዋት ሰዓት ላይ የቆመው በዚሁ ገደብ ምክንያት ስለሆነ የማክቡክ ባትሪዎች ሁሉ ከገደቡ አያልፉም። ጫፎቹ ከብረት ጋር እንዳይነካኩ መሸፈን አለባቸው። ከእነርሱ መካከል ጠንካራ ሽፋን የሌላቸው ሴሎች በሻንጣ ውስጥ እንዳይታጠፉና እንዳይበሱ በጠንካራ ሣጥን መያዝ ይገባቸዋል።

ያገለገለ ማክቡክ ሲገዛ የባትሪው ሁኔታ ከላፕቶፑ ራሱ ይነበባል። የኦፕሽን ቁልፍ ተጭኖ የአፕል ምልክት ያለበት ሜኑ ሲከፈት የሲስተም መረጃ የሚለው ይመጣል፤ በውስጡ ባለው የኃይል ክፍል የዑደቱ ብዛትና የባትሪው ሁኔታ ይታያል። በዊንዶውስ ላፕቶፖች ከትዕዛዝ መስኮት የሚወጣው የባትሪ ሪፖርት ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ዑደቱ ወደ 1,000 የተጠጋ ማክቡክ ዋጋው ሲነገር የባትሪ መተኪያው ወጪ ከላዩ ላይ መቀነስ አለበት፤ ባትሪው በሙጫ ብቻ የተያዘ ከ2012 እስከ 2019 ያለ ማክቡክ ፕሮ ከሆነ ደግሞ የሠራተኛውም ድካም ይታሰባል።